«እናቴ ያን ዕለት አልነበረችም»

ትዝታ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ አንድ፣ ክፍሏ አምስተኛ፣ ቤቷ ደግሞ ንፋስ መውጫ ውስጥ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። የከተማው ስም እንዲያው አልወጣለትም፤ ነፋሱ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሲመጣ የሰፈሩን ቆርቆሮ ሁሉ ያንጫጫዋል። የእነ ትዝታ ቤት ግን ጠንካራ ነበር። ግድግዳው በደንብ የተመረገ፣ መዝጊያውም ብርድ የማያስገባ ነበር። ትዝታ ለብቻዋ የምትተኛበት ጠባብ ክፍል ነበራት። ጠዋት ጠዋት መስኮቷን ከፍታ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡትን ልጆች ታያለች። ያን ክፍል ከምንም ነገር በላይ ትወደው ነበር።

አባቷ አቶ ባንተአምላክ የግብርና ባለሙያ ነው። እናቷ ወይዘሮ ውባንቺ የስማዳ ሰው፣ የወገዳ ልጅ ናት። ትዝታ በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ቀድማ የምታጠና፣ ከእሷ ለሚያንሱ ልጆችም የምታስጠና ጎበዝ ልጅ ነበረች። ጎበዝ ልጅ አይሳሳትም እንዳትሉ። እንዲያውም የሚያስፈራው ጎበዝ ልጅ ሲሳሳት ነው፤ ሰው ሁሉ ያምነዋልና።

ባለፈው ክረምት አባቷ ወደ ደብረ ታቦር ሊዛወር ነው ተባለ። ባልና ሚስት ተማከሩና ቤቱን ለመሸጥ ወሰኑ። ገዢ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም። ሰልማ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ አሥራ ሁለት ዓመት በሰው ቤት በኪራይ የኖረች ሙስሊም ሴት። የሰልማ ልጅ አስማ ከትዝታ ጋር በአንድ ወንበር ትቀመጣለች። ሁለቱ ልጆች እርሳስ ይካፈላሉ፣ ምሥጢር ይካፈላሉ። ጾም ሲሆን አስማ ለትዝታ ቆሎ ታመጣላታለች፤ ረመዳን ሲሆን ትዝታ ከአስማ ፊት ውኃ እንኳ አትጠጣም።

ውሉ ነሐሴ ዘጠኝ ቀን በእነ ትዝታ ሳሎን ተጻፈ። በሻጭ በኩል የአባቷ ወንድም እንየው፣ በገዢ በኩል የሰልማ ወንድም ሪያድ ምስክር ሆነው ተቀመጡ። ውሉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ተነበበ። አባቷ ፈረመ። እናቷ ፊደል ስላልቆጠረች በአውራ ጣቷ ልትፈርም ተነሣች።

«ቀለሙን ያዥልኝ የኔ ልጅ» አለቻት።

ትዝታ የማኅተሙን ቀለም በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። እናቷ ጣቷን ቀለሙ ላይ ጫን፣ ወረቀቱ ላይ ጫን አደረገች። ሰልማ ከዋጋው አብዛኛውን እዚያው ከፈለች፤ የቀረውን ጥቅምት መጨረሻ ቤቱን ስትረከብ ልትከፍል ተስማሙ። ከዚያ ሁሉም ተመራረቁ። ሰልማ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበስ አድርጋ አለቀሰች። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ የራሷ ጣራ ሊኖራት ነው» አለች። ትዝታም ይህን በዓይኗ አየች፣ በጆሮዋም ሰማች።

መስከረም ጠባ። የአባቷ ዝውውር ግን ቀረ። በዚያ ላይ በከተማው አንድ ወሬ ተነሣ፤ መናኸሪያው ወደ እነሱ ሰፈር ሊዛወር ነው፣ በመንገዱ ዳር ያለ ቤት ሁሉ ዋጋው እጥፍ ይሆናል የሚል። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ማንም አያውቅም። አቶ ባንተአምላክ ግን እንቅልፍ አጣ። ምሳ እየበላ «ተታለልሁ» ይላል፤ ጫማውን እያሰረ «ተታለልሁ» ይላል። ያታለለው ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ቀን «ገንዘቧን እመልስላትና ውሉ ይፍረስ» አለ።

«እንዴት ይፈርሳል?» አለች እናቷ። «ፈርመን የለም እንዴ! ሴትዮዋ እኮ የኪራይ ቤቷን ለቃለች።»

«የባልና ሚስት ቤት ሁለቱም ካልፈረሙ አይሸጥም። አንቺ በዕለቱ አልነበርሽም ካልን ውሉ ውል አይሆንም። ጣቱ የሌላ ሰው ነው እንላለን።»

ወይዘሮ ውባንቺ ደነገጠች። «እኔ እንዲህ ያለ ነገር በአፌ አልልም» አለች።

«አትበይ። ዝም ብለሽ ወገዳ እናትሽ ዘንድ ሰንብቺ።»

እሷም ጓዟን ጠቅልላ በማግሥቱ ወደ ወገዳ ሄደች። አልዋሸሁም፣ ዝም ነው ያልሁ ብላ ራሷን አጽናናች። ለመሆኑ ሌላው ሰው በውሸት ሲጎዳ እያዩ እግር ወደ መራው መሄድ ከመዋሸት በምን ይሻላል? እስኪ እናንተ መልሱት።

ሰልማ ነገሩን ስትሰማ ወደ ፍርድ ቤት አልሮጠችም። «መጀመሪያ ሽማግሌ ይየው» አለች። ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ ቄስ ማሩ፣ ሐጂ ጀሚልና አንድ አረጋዊ ገበሬ። እነሱም ሁለቱን ምስክሮች ጠየቁ። ሪያድ «ወይዘሮ ውባንቺ ፊቴ ነው የፈረመችው» አለ። እንየው ግን መሬት መሬት እያየ «እኔስ ዘንግቼዋለሁ» አለ። አንዱ የገዢ ወንድም፣ አንዱ የሻጭ ወንድም፤ በማን ቃል ይፈረድ?

ያን ጊዜ ሰልማ ተነሣች። «ትዝታ ትጠየቅልኝ። ቀለሙን ይዛ የቆመችው እሷ ናት። እሷን አምናታለሁ» አለች።

አቶ ባንተአምላክም ፈጠን ብሎ «ትጠየቅ! ሕፃን አትዋሽም» አለ።

ለምን ፈጠን እንዳለ ልንገራችሁ። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ትዝታ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች፣ ወደ ክፍሏ ገብቶ አልጋዋ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ይህን ክፍል ትወጂዋለሽ?» አላት።

«እወደዋለሁ አባዬ።»

«እንዳንለቅ ትፈልጊያለሽ?»

የትዝታ ልብ ዘለለ። «አንለቅም እንዴ?»

«አንድ ቃል ብቻ ይበቃናል። ሽማግሌዎቹ ከጠየቁሽ፣ ውሉ የተጻፈ ዕለት እናቴ ለአጎቷ ተዝካር ወገዳ ሄዳ ነበር በይ። እኔም አብሬያት ነበርሁ በይ።»

«ተዝካሩ ግን ከዚያ በኋላ ነው እኮ።»

«ወገዳ ሄደሻል አይደል?»

«ሄጃለሁ።»

«ተዝካሩ ላይ ነበርሽ አይደል?»

«ነበርሁ።»

«እንግዲያው ምኑ ነው ውሸት? ቀኑን ትንሽ ማንቀሳቀስ ነው እንጂ።»

ልብ በሉ ልጆች፤ ውሸት ወደ ቤት ሲገባ ስሙን ቀይሮ ነው የሚገባው። ትዝታ መስኮቷን አየች፣ አልጋዋን አየች። አባቷንም ትወደው ነበር፤ እንዲህ ለምኗት አያውቅም። «እሺ አባዬ» አለች። «እሺ» ካለች በኋላ ግን መክሰሷን መብላት አቃታት።

ሽማግሌዎቹ ከትምህርት ቤቱ በታች ካለው ወይራ ሥር ተቀምጠው ነበር። ነፋሱ የቄስ ማሩን ነጠላ እያነሣ ይጥለዋል። ትዝታ መሐል ቆመች። ፊት ለፊቷ ሰልማ ተቀምጣለች፤ «አይዞሽ» ብላ በዓይኗ ጠቀሰቻት።

«ትዝታ» አሉ ሐጂ ጀሚል፤ «ውሉ የተጻፈ ዕለት እናትሽ በጣቷ ፈርማለች ወይ?»

ትዝታ ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ ወደ ወይራው ቅርንጫፍ ያያል።

«እናቴ ያን ዕለት አልነበረችም» አለች። «ለተዝካር ወገዳ ሄደን ነበር።»

«ትዝታዬ!» አለች ሰልማ።  ፊቷ አመድ መሰለ።

ቄስ ማሩ ልጅቷ ስትንቀጠቀጥ አዩና አዘኑላት። ሊያረጋጓት ብለው በለሆሳስ፣ «ተዝካሩስ እንዴት ነበር የኔ ልጅ? ምን በላችሁ?» አሏት።

ትዝታ እፎይ አለች። ይህ ቀላል ጥያቄ ነው። ይህን ማንም አላስጠናትም፤ ራሷ የምታውቀው ነው። «ሰው በጣም ብዙ ነበር» አለች። «ድንኳን ተጥሎ ነበር። ሥጋ ወጥ በላን። እኔማ አጥንት ደርሶኝ ጋጥሁ።»

 ቄስ ማሩ ጉልበታቸው ላይ የነበረውን ውል አነሡና ቀኑን እንደገና አነበቡት። ነሐሴ ዘጠኝ ይላል።

እናንተ ገና ሳልጨርስ ገብቷችኋል፤ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። ነሐሴ ዘጠኝ ፍልሰታ ነው! የእናንተው ጾም፣ ሕፃን ሁሉ ጾሞ የሚቆርብበት። በፍልሰታ ሥጋ ወጥ የሚያበላ ማን ነው? የተዝካር ደጋሽ እንኳ ጾሙ እስኪፈታ ይጠብቃል። የእናቷ አጎት ተዝካርም ለዚሁ ሲባል ነበር ወደ ነሐሴ መጨረሻ የተገፋው። ትዝታ ያን ጾም ራሷ ጾማ ራሷ ቆርባለች፤ አባቷም ጾሟል። ግን አንዳቸውም አላሰቡትም። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ለትዝታም የሆነው ይኸው ነው። ስለ ተዝካሩ የተናገረችው እውነቱን ነበር፤ ያጋለጣትም እውነቱ ነው።

ሐጂ ጀሚል ሙስሊም ቢሆኑም ንፋስ መውጫ ተወልደው ያረጁ ሰው ናቸው። የክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጾም መቼ እንደሚገባ ያውቃሉ። ወደ ቄስ ማሩ አዩ። ቄስ ማሩም ወደ እሳቸው አዩ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በዓይን ተግባቡ፤ አንዲትን ሕፃን በአደባባይ ማዋረድ አልወደዱም።

«ነገሩ ለሳምንት ይቀጠር» አሉ ሐጂ ጀሚል።

«ይቀጠር» አሉ ቄስ ማሩ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ሰልማ ግን ስለ ሥጋው ምንም አልሰማችም። «አልነበረችም» ከሚለው ቃል በኋላ ጆሮዋ ተደፍኖ ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ ማንንም ሳትሰናበት ሄደች።

ወደ ቤት ሲመለሱ አባቷ መንገዱን ሁሉ በቁጣ ጨረሰው። «ሥጋ ወጥ ማን በይ አለሽ? ማን አጥንት በይ አለሽ?»

«የበላሁትን ነዋ የተናገርሁት» አለች ትዝታ እያለቀሰች።

«ደህና። በቀጠሮው ቀን ሽሮ ነው፣ ተሳስቼ ነው በይ። ቄሱ ሲያዩኝ ደንግጬ ነው በይ።»

አያችሁ? በመጀመሪያ አንድ ቃል ብቻ ይበቃል ተብሎ ነበር። ዛሬ ሁለተኛው ቃል መጣ። ትዝታ ማታ እንደልማዷ ጸሎት ልታደርስ ቆመች። «አባታችን ሆይ» አለችና ከዚያ ወዲያ መሄድ አቃታት። በዚያች በምትወዳት ክፍል ውስጥ ተጋደመች እንጂ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሄደች። አስማ ትሰድበኛለች ብላ ፈርታ ነበር። ወንበራቸው ጋ ስትደርስ ቆም አለች። አስማ ግን ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ታስላለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አመመሽ?» አለቻት ትዝታ።

«ብርድ ነው። የድሮው ቤታችን ሌላ ሰው ገብቶበታል። አጎቴ ሪያድ ሱቅ ውስጥ ከጨርቁ ጀርባ ነው የምንተኛው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው።»

 አስማ ደብተሯን ከፈተች፣ ዘጋች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«ከእማ ጋር ተጣልተናል። አላናግራትም።»

«ለምን?»

«አንቺ ያልሽውን ሰዎች ሱቅ መጥተው ሲያወሩ ሰማሁ። እማ ግን 'ውባንቺ ፊቴ ነው የፈረመችው፤ ወላሂ' አለችኝ። እኔም 'ትዝታ አትዋሽም፤ የዋሸሽው አንቺ ነሽ' አልኋት።» አስማ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እማ አልተቆጣችኝም። ጨርቁን ስታጣጥፍ ዝም ብላ አለቀሰች። እናቴ ውሸታም ናት ትዝታ። እኔ ምን ላድርግ?»

ልጆች፣ ይህን ስነግራችሁ እኔም ይከብደኛል። ትዝታ ያሰበችው ስለ አንድ ክፍልና ስለ አንድ መስኮት ብቻ ነበር። ያቺ አንዲት ቃል ግን እዚያ አልቆመችም። ሄዳ ሄዳ አንዲት ልጅ እናቷን እንዳታምን አደረገቻት። ቤት ቢወሰድ ሌላ ቤት ይፈለጋል፤ እናትን ከየት ይፈልጓታል? ትዝታ በዚያች ሰዓት «ውሸታሟ እኔ ነኝ» ብትል ኖሮ ሁሉም በአጭሩ በቀረ ነበር። አልደፈረችም። ደወል ተደወለና መምህሩ ገባ። ያን ቀን ያስተማረውን አንዱንም አልሰማችም።

ሐሙስ ዕለት እናቷ ከወገዳ ተመለሰች። መንገዱ አንገላቷት፣ አቧራ ለብሳ ነበር የገባችው። ገና ከመኪና ስትወርድ ሰው የሆነውን ሁሉ ነግሯታል። ትዝታ ተቀብላ ልትስማት ስትል እናቷ አገጯን ይዛ ፊቷን አየችው።

«እውነት ነው? አንቺን አቆሙሽ?»

ትዝታ ራሷን ነቀነቀች።

ወይዘሮ ውባንቺ ጓዟን መሬት ላይ ጣለችውና እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። «አወይ ልጄን! እኔ ሸሽቼ አንቺን ላክሁሽ» አለች። «በሽማግሌ ፊት ቆሞ መናገር የእኔ ነበር። የእኔን ሸክም ባንቺ ጫንሁት።» እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። አባትየው ከውስጥ ሆኖ ይሰማ ነበር፤ ግን አልወጣም።

እሑድ ቅዳሴ እንደ ተፈጸመ ትዝታ ብቻዋን ወደ ቄስ ማሩ ሄደች። እሳቸው መስቀላቸውን አሳለሟትና በአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አባ፣ ዋሽቻለሁ።»

«ማንን?»

«እናንተን ሽማግሌዎቹን።»

«እኛማ አልተታለልንም» አሉ ቄስ ማሩ። «ነሐሴ ዘጠኝ ላይ ሥጋ አበላሽን እኮ!» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ፤ ፊቷን ሲያዩ ግን ተዉት። «እስኪ አስቢ። ማንን ነው የዋሸሽው?»

ትዝታ መሬቱን በጣቷ ጫረች። «አስማን» አለች በመጨረሻ። «እናቷን ውሸታም ናት ብላ እንድታምን አድርጌአታለሁ።»

«እንግዲያው ለእኔ ነግረሽኝ ብቻ አያልቅም። ንስሐ የወሰዱትን ወደ ወሰዱበት ቦታ መመለስ ነው። ውሸቱን የተናገርሽው ወይራው ሥር አይደል? እውነቱንም እዚያው ትናገሪያለሽ።»

«አባቴስ አባ? ይጠላኛል።»

ቄስ ማሩ አልዋሹላትም። «ሊቆጣሽ ይችላል» አሉ። «ሊከፋብሽም ይችላል። አባትሽን አክብሪ ተብለሻል፤ አባት አዘዘኝ ብለሽ በሐሰት መስክሪ ግን አልተባልሽም። ፈርተሽም ቢሆን ተናገሪ። ፍርሃት ኃጢአት አይደለም።»

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሰማዩ ዳምኖ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበዋል። ሰልማ መጣች፤ አስማም ከአጎቷ ከሪያድ ጎን ቆማለች እንጂ ከእናቷ ጎን አልቆመችም። ትዝታ ይህን አየች። ሳትጠራ ወደ መሐል ገባች።

«ባለፈው ሳምንት የተናገርሁት ውሸት ነው» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማት። «እናቴ ነበረች። በጣቷ ፈርማለች። ቀለሙን የያዝሁት እኔ ነኝ። ተዝካሩ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው።»

አባቷ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ልጅ ናት! ሰው አስፈራርቷት ነው! የልጅ ቃል ይዛችሁ ቤት ልትወስዱብኝ ነው?»

«ባንተአምላክ» አሉ ሐጂ ጀሚል ቀስ ብለው። «ባለፈው ሳምንት ሕፃን አትዋሽም ያልኸን አንተ ነህ። ዛሬ ደግሞ ልጅ ናት፣ አትመኗት ትለናለህ። የትኛውን እንያዝልህ?»

 ያን ጊዜ ወይዘሮ ውባንቺ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። አውራ ጣቷን ወደ ላይ አነሣች።

«ጣቱ የእኔ ነው» አለች። «ሰልማ ሆይ፣ ሸሽቼሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

እንየውም ቆቡን አውልቆ «እኔም አልዘነጋሁም ነበር» አለ። አቶ ባንተአምላክ ሚስቱን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ልጁን አየ። ብቻውን ቀርቷል። ቁጭ አለና ጋቢውን እስከ አፉ ሳበው። «ቤቱ የሰልማ ነው» አለ። 

ሽማግሌዎቹ በውሉ መሠረት ቤቱ በሳምንት ውስጥ እንዲለቀቅ ወሰኑ። ትዝታ ግን ውሳኔውን አልሰማችም፤ አስማን ነበር የምታየው። አስማ ቀስ እያለች መጥታ እናቷ ፊት ቆመች፤ ከዚያ ጉልበቷ ሥር ወደቀች። ሰልማ አነሣቻትና በነጠላዋ ሸፈነቻት። ልጅቷ በነጠላው ውስጥ ስትንሰቀሰቅ ትከሻዋ ብቻ ይታይ ነበር።

ትዝታም ሄዳ የሰልማን ጫማ ልትስም ጎንበስ አለች። ሰልማ እጇን ይዛ ከለከለቻት።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አለች። «አላህም ይቅር ይበልሽ። ግን የኔ ልጅ፣ አንቺን ማመኔ ነበር ከሁሉ ያመመኝ።»

እነ ትዝታ ቤቱን ለቀቁ። አሁን ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለሦስት ይኖራሉ። ወፍጮው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ነፋሱም በመዝጊያው ሥር ይገባል። አባቷ ሁለት ሳምንት ሙሉ አላናገራትም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሥራ ሲመለስ፣ አጠገቧ ተቀመጠና «አልጋሽ ላይ ተቀምጬ ያልሁሽን መልሼ ብውጠው በወደድሁ» አላት። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። ደስታ ግን በዚያ ቤት ገና አልገባም። መናኸሪያውም እስከ ዛሬ ካለበት አልተነቃነቀም።

ትዝታና አስማ ዛሬም በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። አስማ ይቅር ብላታለች። ሳሏ ለቅቋታል፤ መስኮት ባለው ክፍል ትተኛለች። እርሳስ ስትጠየቅም ትሰጣለች።

አንድ ቀን ጠዋት ትዝታ እየሮጠች ገብታ፣ «አስማ፣ ነገ የሒሳብ ፈተና አለ፤ መምህሩ አሁን ነገረኝ» አለቻት።

«እሺ» አለች አስማ።

ከዚያ፣ ምንም ክፋት ሳታስብ፣ ወደ ኋላ ዞር ብላ ከጀርባቸው የምትቀመጠውን ፍቅር የምትባል ልጅ ጠየቀቻት። «ነገ ፈተና አለ እንዴ?»

ትዝታ ሰማች። አንገቷን ደፍታ ደብተሯን ከፈተች። 

ልጆቼ፣ የተዋሸበትን ቤት በአንድ ሳምንት መመለስ ይቻላል፣ የጠፋ አመኔታ ግን ቶሎ አይመለስምና፣ የምትወዱት ሰው ቢለምናችሁ እንኳ በሐሰት አትመስክሩ።